ቀባሪ በባቡር

ባቡሩን አደሱት። ቆመው አቧራ ሲጠጡ የኖሩት ባቡሮች ተጠገኑ፣ አዳዲስም ተጨመሩ። በሩ ሳይንገጫገጭ ይዘጋል። የሚቀጥለው ጣቢያ ስም ከበሩ በላይ በቀይ ፊደል ይሮጣል፤ እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ስለሆነ ግማሹን ሳልይዘው ያመልጠኛል። ግድ የለም፤ ልደታን ሳላነብም አውቃታለሁ።

ሰፈራችን ፈርሶ አያት ኮንዶሚኒየም ስንገባ ዕቃችንን ጭነን ሄድን፤ እድራችንን ግን እዚያው ልደታ ተውነው። የተነሳው ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው ያደረገው። ባለቤቴን፣ «እዚህም እድር አለ፤ እንግባ» ብላት፣

«የማላውቀው ሰው ሊቀብረኝ? ቀባሪዎቼ ልደታ ናቸው። ባቡር አለላቸው» አለችኝ።

ባቡር አለ! ያኔ ከቆመው ላይ ዕቃ እየተፈታ ለሚሄደው ይገጠም ነበር፤ የሚሄደውም በየጊዜው እያነሰ መጣ። እሷ የሞተች ዕለት እድርተኞቹ ልደታ ጣቢያ ቆመው ጠበቁ። የመጣው ባቡር ሁሉ ጢም ብሎ ነው የመጣው። ቄሱ ቸኮሉ። አስከሬኑን የተሸከሙት ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው የብሎካችን ሰዎች ነበሩ። የልደታዎቹ ሲደርሱ አፈሩ ተመልሷል። አላለቀስኩም። ጫማዬን ነበር የማየው።

ባለፈው ሳምንት ልደታ ቀብር ነበረ። ተቀምጬ ሄድኩ፤ መንገድ ላይ አንዴም አልቆመብንም። የእድሩ ዳኛ ከድንኳኑ ደጃፍ አዩኝ።

«አንተ ሰው፣ ከአያት ተነስተህ እዚህ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያሉትን ቀደምካቸው!»

«ባቡሩ ነው፣ ጋሼ።»

«እንዲህ ከሆነማ አንተን በሰዓቱ ነው የምንቀብርህ!»

ለቅሶ ቤት ነውና ሰዉ አፉን በነጠላ ይዞ ሳቀ። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ። ከዚያ ገብቼ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዝኩ።

ስመለስ የብሎካችን ደረጃ ላይ አንድ ጎረቤቴን አገኘሁት፤ ባለቤቴን ከተሸከሙት አንዱ ነው።

«አባባ፣ የኛ እድር አይገቡም? ስንቴ ልጠይቅዎት?»

«መዝግበኝ» አልኩት።

«የልደታውንስ ይተዉታል?»

«ለምን እተወዋለሁ? እነሱ ሲሞቱ እኔ እሄዳለሁ። ባቡሩ ጥሩ ሆኗል። እነሱ ግን ወደኔ መምጣት የለባቸውም።»

እሷ ብትሰማ ትቆጣኝ ነበር። ቁልፌን አውጥቼ ገባሁ።