አይጣልም የተባለው ዳቦ

እናቴን ይዤ ዳላስ አጠገብ ካለችው ጋርላንድ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ነድቼ፣ ልጄ የዩኒቨርሲቲ ዕረፍቷን በፈቃደኝነት ወደምታገለግልበት የተፈጥሮ ማዕከል ደረስን። ማዕከሉ በቴክሳስ ደቡብ ጫፍ፣ በባሕሩና በየብሱ መካከል እንደ መቀነት በተዘረጋች አሸዋማ ደሴት ላይ ነው። ማዕበሉን ደሴቲቱ ትቀበለዋለች፤ ከጀርባዋ ያለው ውሃ ረግቶ ሸምበቆ ይበቅልበታል፣ ሸርጣንና ወፍ ይኖርበታል። ይህን ልጄ ሦስት ጊዜ አስረዳችን። እኔ በሦስተኛው እግሬን የማሳርፍበት ወንበር ነበር የምፈልገው፤ እናቴ ግን እንደ ስብከት ታዳምጣት ነበር።

ማዕከሉን የምትመራው ሴት ለልጄ በቀጣዩ ዓመት ቋሚ ሥራ ልትሰጣት እያሰበች ነበር፤ ውሳኔውም በዚያው ሳምንት ይታወቃል። መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ ልጄ ልትቀበለን መጥታ፣ «ሶ ማሚ፣ ዛሬ ምንም ፕሮብሌም እንዳይኖር» አለችኝ። ተናደድኩ። እኛ መቼ ነው ችግር ፈጥረን የምናውቀው?

ረግረጉን የምናቋርጠው በእንጨት ድልድይ ነበር። መግቢያው ላይ የአዞ ሥዕል ያለበት ማስታወቂያ አለ፤ እንስሳትን አትመግቡ ይላል። አንብቤ አለፍኩ። እናቴ እንግሊዝኛ እንደማታነብ እያወቅኩ አልነገርኳትም። አዞ የሚመግብ ሰው ይኖራል ብዬ መች አሰብኩ?

እናቴ በቦርሳዋ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ጸበል ጻድቅ ይዛ ነበር። የተባረከ ዳቦ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፣ አይረገጥም፤ ከደረቀ ለወፍ ወይም ለዓሣ ይሰጣል። ይህን እኔም እያወቅኩ ያደግኩት ነገር ነው። ስልኬን አንሥቼ ውሃው ላይ ያሉትን ሻላ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ስቀርጽ፣ እሷ ዳቦውን ፈርፍራ ወደ ውሃው በተነችው።

መጀመሪያ ትንንሽ ዓሦች መጡ። ቀጥሎ ሸምበቆው ተከፈለና ሁለት ዐይንና አፍንጫ ብቻ ውሃው ላይ እየተንሸራተቱ ወደ እኛ ቀረቡ። ከእኛ ዐሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ድልድዩ ዝቅ በሚልበት፣ አንዲት ሕፃን እግሮቿን በአጥሩ ቀዳዳ አንጠልጥላ ተቀምጣ ነበር። አባቷ ወፎቹን ነው የሚያየው። አዞው ወደሷ ዞረ። ልጄ ሮጣ ሕፃኗን ከብብቷ ሥር ይዛ ወደ ኋላ ጎተተቻት። አዞው እግሮቿ ከነበሩበት ሥር መጥቶ ቆመ፤ አልሄድ አለ።

የልጄ አለቃ መጣች። ሰው የለመደ አዞ ተይዞ እንደሚገደል በእርጋታ ነገረችን፤ የቀረበው ዛሬ ለተጣለለት ምግብ ብቻ ከሆነ ግን ሊተርፍ ስለሚችል፣ ለመወሰን እንድትችል ዛሬ የመገበው ሰው ካለ ማወቅ ፈለገች። ለእናቴ ተረጎምኩላት።

«እኔ ነኝ በያት» አለች እናቴ። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አላወቅኩም፣ ይቅር በሉኝ በያት።»

የልጄ ሥራ በእናቴ እጅ ሲበላሽ ታየኝ። ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ እናቴ ምንም አላየሁም ትላለች፣ ስንመጣም አዞው እዚሁ ነበር፣ አልኩ።

ሴትየዋ ፊቷ ጠቆረ። ማንም ሳይመግበው እንዲህ ከቀረበ ሰው ለምዷል ማለት ነው፤ ዛሬውኑ መያዝ አለበት አለች። ሬዲዮዋንም አነሣች።

ልጄ አማርኛ ትሰማለች። አየችኝ። እንድናገር እየጠበቀችኝ እንደሆነ ገባኝ፤ ይህን ዛሬም አልክደውም። ሴትየዋ ሬዲዮው ላይ መናገር እስክትጀምር ድረስ ጠበቀችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«አያቴ ናት ዳቦ የሰጠችው» አለች ልጄ በእንግሊዝኛ። «እናቴ ትክክል አልተረጎመችም።»

ሬዲዮው ወረደ። አዞውን ለጥቂት ቀናት እንደሚከታተሉት፣ ወደ ሰው ካልተጠጋ እንደሚተውት ተነገረን። ስለ ሥራው ሴትየዋ ምንም አላለችም፤ ልጄን ነገ ጠዋት ቢሮ ነይ ብቻ ብላት ሄደች።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለች?»

አፌን ከፈትኩ። ልጄ ቀደመችኝ።

«እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ የምነግርሽ» አለች። «የሚተረጎም ነገር ሲኖር ኮል አድርጊልኝ፣ ክሊኒክም ቢሆን። ማሚን አትጠይቂ።»

እናቴ አንድ ጊዜ አየችኝና ክንዷን ለልጄ ሰጠቻት።