በወንድሜ ስም የተጫወትኩባቸው ዓመታት

ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ ከባለቤቴ ጋር ባጃጅ ስንጠብቅ፣ ከኋላዬ አንድ ሰው «ሙባረክ!» ብሎ ተጣራ። ዞር አልኩ። ባለቤቴ ገርሟት አየችኝ፤ ስሜ ነስሩ ነውና። ሙባረክ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚኖረው ቡታጅራ ነው። የተጣራው ሆዱ ገፋ ያለ ጎልማሳ መጥቶ አቀፈኝ። የድሮ የኳስ ቡድናችን በረኛ ነበር። ስለ ልጆቻችን ትንሽ አወጋንና ተለያየን።

ባጃጁ ውስጥ ባለቤቴ «ሙባረክ የሚልህ ለምንድነው?» አለችኝ።

«የድሮ ቅጽል ስም ነው» አልኳት። በትዳር ይህን ያህል ዘመን ስንኖር ነገሩን ነግሬያት አላውቅም። 

እኔና ሙባረክ ያደግነው ቡታጅራ፣ ከአንድ በርበሬ ነጋዴ አባት ቤት ነው። በበርበሬ ወራት ግቢያችን ዳር እስከ ዳር ቀይ ይለብሳል። እንግዳ ሲመጣ ከሰላምታው በፊት ያስነጥሳል፤ እኛ ግን ለምደነዋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት አልመጣልኝም ነበርና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጠዋት ለአባቴ ጆንያ እሸከማለሁ፣ ከሰዓት ኳስ ሜዳ እውላለሁ። ግራ እግረኛ ተከላካይ ነበርኩ። ግራ እግረኛ ደግሞ ያኔም ዛሬም እንደ ልብ አይገኝም።

አንድ ቅዳሜ ከወልቂጤ የታዳጊዎች ቡድን ለወዳጅነት ጨዋታ መጣ። ያ ቡድን ከፈረሰ ቆይቷል፤ ስሙንም ባላነሳው ይሻላል። አሰልጣኙ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ የስፖርት መምህር ነበር፤ ኮች አለማየሁ እንለው ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ጠራኝ።

«ዕድሜህ ስንት ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«አልሰማሁህም» አለና ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። «የኔ ቡድን ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ነው። ከዚያ ወደ ወጣት ቡድን፣ ከወጣት ቡድን ወደ ዋናው ይታለፋል። ከታች ያልገባን ልጅ ላይ ያለ ሰው አያየውም። ታናሽ ወንድም የለህም?»

ሙባረክ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ደቃቃ፣ ዝምተኛ፣ ኳስ የሚወድ። ማታ ራት ላይ ነገሩን ሳነሳ አባታችን እንጀራውን መቁረስ ቀጠለ። ሙባረክ ግን ተነሥቶ የልደት ወረቀቱንና የስምንተኛ ክፍል ካርዱን ኮፒ አመጣልኝ። «ውሰደው ነስሩ» አለኝ። «አንተ ከገባህ እኔንም ትወስደኛለህ።» በዚያ ወረቀት የተጫዋችነት መታወቂያ ወጣልኝ። ፎቶው የእኔ፣ ስሙ የሙባረክ።

ወልቂጤ ውስጥ ለስምንት የምንተኛበት ቆርቆሮ ቤት ነበረን። በመጋቢት ሙቀት ከሰዓት በኋላ ማንም እዚያ ውስጥ አይቀመጥም። ከጠዋት ልምምድ በኋላ ሻይ በዳቦ እንበላለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የቤቱ ባለቤት እትዬ ወለላ ቆጮ በጎመንና በአይብ ይልኩልናል። ለሆዴ የተመቸ ኑሮ ነበር። ለሌላው ነገሬ ግን አልተመቸም። ጢሜን ሌሎቹ ሳይነቁ ሽንት ቤት ገብቼ በውሃ ብቻ እላጫለሁ። ቡድኑ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባ ነበርና እኔም ዘጠነኛ ክፍል እንደገና ገባሁ። የሒሳብ አስተማሪው ጥያቄ ሲጠይቅ እጄን እንዳላነሣ እጠነቀቃለሁ። አንድ ቀን ረስቼ እጄን አነሣሁና ስመልስ «ሙባረክ፣ እንዳንተ ያለ ተማሪ አላጋጠመኝም!» ብሎ ክፍሉን አስጨበጨበልኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ወሬ ነበር። ስለ ራሴ ማንኛውንም ነገር ሳወራ አራት ዓመት መቀነስ አለብኝ። እየቆየሁ ስሄድ ወሬ አቆምኩ። ጓደኞቼ ጨዋ ነው ይሉኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ገና ሳይደርቅ፣ ቡድኑ አዳዲስ ልጆች ሊመርጥ ማስታወቂያ ለጠፈ። ሙባረክ ከአባታችን ሰማና ሳይነግረኝ መጣ። በአረቅጥ በኩል፣ በዚያ በጭጋግና በጭቃ መንገድ፣ በሚኒባስ ሲንገላታ ውሎ፣ በማግስቱ ሜዳው ዳር ቆሞ አየሁት። በአንድ ዓመት ውስጥ ተመዝዟል። ትከሻው ሰፍቷል።

አሰለፉት። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እኔ ጥሩ ተጫዋች ነበርኩ፤ ሙባረክ ግን ሌላ ነገር ነበር። ኳሷ ሳትደርሰው የት እንደምትሄድ ያውቃል። የመጀመሪያውን ጎል እኔን አልፎ አገባ፤ ወዴት እንደሚዞር ከልጅነቱ የማውቀውን ልጅ መያዝ አቃተኝ። ሁለተኛውን ከሩቅ በቀኝ እግሩ ሲመታው የመረቡ ገመድ ከብረቱ ተፈታ። ኮች አለማየሁ ፊሽካውን ከአፉ አወጣው።

«አንተ! ስምህ ማነው?»

ወንድሜ እኔን አየኝ። እኔ መሬት አየሁ።

«ነስሩ» አለ።

ኮች ከሁለታችን ፊት ላይ ነገሩን አነበበው። ልምምዱን አቋርጦ ኳስ የሚቀመጥበት ክፍል አስገባኝና በሩን ዘጋ።

«ወንድምህ ነው።»

«አዎ ኮች።»

«በዚህ ሥራ ስኖር እንዲህ ያለ ልጅ አይቼ አላውቅም። ኳሷን አይቶ አይደለም የሚሮጠው፤ ቀድሟት ነው የሚጠብቃት። እግሩ ላይ ዓይን አለ።» ይህን ሲል ድምፁ የሚያዝን ሰው ድምፅ ነበር።

«እንግዲያው እኔን አስወጣኝና እሱን አስገባው» አልኩት። እውነቴን ነበር ያልኩት። ወደ ቡታጅራ፣ ወደ ጆንያዬ፣ ወደ ስሜ ብመለስ ደስ ይለኝ ነበር።

«በማን ስም ላስገባው?» አለኝ። «ሙባረክ ፌዴሬሽን ውስጥ ካንተ ፎቶ ጋር ተመዝግቧል። ብትወጣም ስሙ ካንተ ጋር ነው የሚወጣው። እውነቱ ከታወቀ ያሸነፍነው ሁሉ ይሰረዛል፤ እኔ እታገዳለሁ፤ እነዚያ ልጆች ይበተናሉ። ነስሩ ብዬ እንዳላስገባው ደግሞ ነስሩ ሃያ ዓመቱ ነው።» በእጁ ፊቱን አሸ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ አውቃለሁ። አሁን ግን ሂድና ልጁን ሸኘው።»

መናኸሪያ ድረስ በእግራችን ሄድን። ከአረቅጥ የመጣ ድንች ቀቅላ በዳጣ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ቆመን በላን። ሙባረክ ርቦት ነበር፤ ሁለተኛውን ድንች ሳይልጥ ጎረሰው።

«ኮች ምን አለህ?» አለኝ።

ሦስት ዓይነት መልስ ነበረኝ። እውነቱን ብነግረው፣ በወረቀቱ ምክንያት እንደቀረ ያውቃል፤ ዕድሜ ልኩን እኔን ባየ ቁጥር ያንን ያያል። ቡድኑ ሞልቷል ብለው፣ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል። ስለዚህ ሦስተኛውን መረጥኩ።

«ልጁ ገና ነው አለ» አልኩት። «ፍጥነት ይጎድለዋል አለ። ለዚህ ደረጃ አይበቃም።»

አፉ ውስጥ ያለውን አኝኮ ጨረሰ። «እሺ» አለ። ከዚያ ያደረገውን የእኔን አሮጌ ታኬታ ፈታና ሰጠኝ። ነጠላ ጫማውን ከቦርሳው አውጥቶ አደረገና ሚኒባሱ ላይ ወጣ። በመስኮቱ እጁን አወዛወዘልኝ፤ የምጸጸተው በዚያ ነው፤ ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ኳስ እንዳልነካ አባቴ ነገረኝ። እኔ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ወጣት ቡድን ድረስ አደግሁ፤ ዋናው ቡድን ግን ተጫዋች የሚያመጣው ከአዲስ አበባ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ከነበርነው ልጆች አብዛኞቻችንን አሰልፈው አመስግነው መልቀቂያ ሰጡን። የኔ መልቀቂያ ላይ የተጻፈው «ሙባረክ» ነው። ስጠብቀው የኖርኩት ነፃነት ያ ነበር፤ ይዤው ወዴትም መሄድ የማልችለው አንድ ገጽ ወረቀት። ቀደድኩት። በራሴ ስም የማታ ትምህርት ተምሬ፣ እዚሁ ወልቂጤ ሥራ ይዤ፣ እዚሁ ቀረሁ።

በረኛችንን ባገኘሁ በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳትና ቡታጅራ ወረድኩ። መንገዱ ዛሬ አስፋልት ነው። ሙባረክ በርበሬ ወፍጮ አለው። ከጁምዓ ሶላት ተመልሶ ወፍጮውን ሊያስነሣ ሲል ደረስኩ።

«አሰላሙ አለይኩም። በደህና ነው ሳትደውል የመጣኸው?» አለኝ ቀድሞኝ።

«ወአለይኩም ሰላም። ደህና ነን። አንድ ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁት» አልኩና ቆሜ ነገርኩት። ፍጥነት ይጎድለዋል ያለው ኮች ሳይሆን እኔ እንደሆንኩ፤ ለምን እንዳልኩም።

ፊቱ ላይ የበርበሬ ብናኝ ነበር። ጆንያ ላይ ተቀመጠ።  ይሰድበኛል፣ ወይም ያለፈ ነገር ነው ብሎ ያልፈዋል ብዬ ነበር። ሁለቱንም አላደረገም።

«እሱ ምን ነበር ያለው?» አለኝ። «ቃሉን ንገረኝ።»

«እንዲህ ያለ ልጅ አይቼ አላውቅም ነው ያለው።»

«ሌላስ?»

«ኳሷን ቀድሞ ነው የሚጠብቃት አለ። እግሩ ላይ ዓይን አለ አለ።»

ደንበኛ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሙባረክ በእጁ ጠብቅ አለውና ወደኔ ዞረ። «እንደገና በለው» አለኝ።

እንደገና አልኩት። ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አላደረገልኝም። ያን ዕድሜውን ሁሉ አልበቃም ብሎ ለኖረ ሰው ይቅርታዬ ምን ያደርግለታል? ልሰጠው የምችለው ያን የተሰረቀ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ። ስወጣ ወፍጮውን አላስነሣም ነበር። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀኝ እግሩን ያያል።