ለሦስት ኪሎ ሜትር የሚበቃ ጎማ

ዘርአጽዮን ልጁን በአራት ጎማ ለውጧል ይባላል። ከኦሎምፒያ ጀርባ ባለው ሰፈር ይህን ያልሰማ ቢኖር ደንቆሮ ነው፤ ለእሱም ቢሆን በእጅ ምልክት ተነግሮታል። ብሔራዊ ውትድርና የመጣ ጊዜ፣ አሉ፣ የቀበሌው ሰው «ወይ ጎማህን ወይ ልጅህን» ቢለው፣ ጎማውን አቅፎ ልጁን ሸኘ። አንዷ እንዲያውም ጎማዎቹ አልጋ ሥር ተደብቀው በዓይኗ በብረቱ አይታለች። ያየችው የሚስቱን የፍረወይኒን የበርበሬ ጆንያ ነው፤ ወሬ ግን ጆንያ ፈትቶ አያይም።

እውነቱ ሌላ ነው። ከወሬው የተሻለ ነው ማለት ግን አይደለም።

በመጀመሪያ ነገር ዘርአጽዮን ጎማ አልነበረውም። ቀይዋ አልፋ ግቢው ውስጥ አራት ድንጋይ ላይ ከተቀመጠች ስድስት ዓመት አልፏት ነበር። ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ከኋላዋ ለሁለት ቀጫጭን ሰው ብቻ የምትበቃ መቀመጫ ያላት የጣሊያን ስፖርት መኪና ናት። ዘርአጽዮን ሃያ ዓመት ሙሉ የአንድ ጣሊያን የመለዋወጫ መደብር ዕቃ ቤት ሠራተኛ ነበር። መደብሩ ሲወረስ ጣሊያኑ የመኪናዋን ቁልፍ እጁ ላይ ጥሎለት አገሩ ገባ። ጎማዎቿ አልቀው ሲበሱ የሚተካ ጠፋ። ዘርአጽዮን ግን በየቅዳሜው ያጥባታል፤ ሰፈሩም «የማትሄድ መኪና፣ የማያልቅ ሳሙና» እያለ ያልፋል።

በዚያ ዕቃ ቤት የተማረው አንድ ጥበብ ነበረው። አውራ ጣቱን ጎማ ላይ ጫን አድርጎ ዕድሜውን ይናገራል። ባለ ታክሲዎች ጎማቸውን እያንከባለሉ ደጁ ድረስ ይመጡ ነበር፤ ተሳስቶም አያውቅም። «ውድ ዕቃማ ማንም ይገዛል» ይላቸው ነበር፣ «ሙያው ርካሹን መምረጥ ላይ ነው።» ይህቺን አነጋገር በጣም ይወዳታል። ኋላ የበላችውም እሷ ናት።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጥር ውስጥ ጓድ እሸቴ መጣ። እሸቴ የሰፈር ልጅ ነው፤ ዘርአጽዮን ንፍጡን እየጠረገ ሲሮጥ ያውቀዋል። አሁን የምልመላ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ሆኖ፣ ካኪ ለብሶ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቶ ይዞራል። ዘርአጽዮን ስለዚህ አንተ ይበለው እርስዎ ይበለው ሳይቆርጥለት በየንግግሩ ያምታታል።

«ጋሼ ዘርአጽዮን፣ ይቺ ልጅ እንደቆመች ልትቀር ነው?» አለ እሸቴ፣ የጎማ መከለያ ፓራፋንጎዋን መታ መታ እያደረገ።

«ጎማ የላትማ፣ ጓድ እሸቴ። አንተስ፣ ማለቴ እርስዎስ፣ ደኅና ነዎት?»

«እሁድ ሳምንት ሠርጌ ነው። ሙሽራዬን ጣሪያዋን ገልጬ በእሷ ባመጣ ደስ ይለኛል። እሁድ የቤት መኪና መንዳት ክልክል ቢሆንም ፈቃዱና ቤንዚኑ በእኔ ይሁን። ጎማውን እርስዎ አያጡም።»

«ከየት ብዬ?»

እሸቴ ወደ ቤቱ በር አየ። በሩ ላይ ኃይለኪሮስ፣ የዘርአጽዮን አንድ ልጅ፣ ተደግፎ ቆሟል።

«ኃይለኪሮስ ስንት ሞላው?»

«ገና ነው እኮ፣ አሥራ...»

«ሃያ» አለ እሸቴ ራሱ። «ዝርዝሩን የምናስተላልፈው ሰኞ ነው፤ ከሠርጉ ማግስት። የምፈርመው እኔ ነኝ። እንግዲህ ይሰንብቱ።»

የቀረውን መንገር የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም።

ፍረወይኒ በዚያው ቀን የአንገት ወርቋን ፈትታ ባሏ መዳፍ ላይ አስቀመጠች። «አዲስ ግዛ» አለችው። «ዘርአይ፣ ስማኝ፣ በዚህ ጊዜ እንዳትራቀቅ። አዲስ።»

ዘርአጽዮን ወርቁን በመሐረብ ቋጥሮ መርካቶ ወረደ። አብዱልናስር የሚባል የጎማ ነጋዴ ወዳጅ አለው፤ ሱቁ ፊት ለፊት አሮጌ ጎማ እንደ ጉድጓድ አፍ ተደራርቦ፣ ከበስተኋላ ደግሞ ለሚያውቁት ብቻ የሚወጣ ዕቃ አለ። አብዱልናስር ሦስት ዓይነት አሳየው። አንደኛው በባቡር መስመር ሾልኮ የገባ፣ ፀጉሩ እንኳ ያልረገፈ አዲስ ጎማ፤ ዋጋው ከወርቁ ሌላ ወርቅ ባይጠይቅም ወርቁን አያስተርፍም። ሁለተኛው የቮልስ ጎማ፤ ያገለገለ ግን ጤነኛ፣ ቁጥሩ ከአልፋዋ ቸርኬ ጋር የሚገጥም፣ ቀጭን። ሦስተኛው የተለበጠ ጎማ፤ ያለቀ ጎማ ላይ አዲስ ቆዳ ለጥፈው ጥቁር ቀለም የቀቡት፣ ለዓይን ከአዲሱ የማይለይ፣ ዋጋው የአዲሱ ሩብ።

«ጋሼ፣ አዲሱን ካልቻሉ የቮልሱን ይውሰዱ» አለ አብዱልናስር። «መልክ የለውም እንጂ ሐረር ያደርስዎታል።»

«ለአልፋ የቮልስ ጎማ? ለሙሽራ በረባሶ በለኛ።»

«እግሯን አይቶ ማን ያገባታል?»

«እሸቴ ያያል። መጀመሪያ የሚያየው እግሯን ነው።»

ዘርአጽዮን የተለበጡትን አንድ በአንድ አገላበጣቸው። አውራ ጣቱን ጫን አደረገ፤ ጥፍሩን መጋጠሚያው ላይ አስሄደ። ከዚያ ማስላት ጀመረ። የሙሽሪት ቤት አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነው። ከዚያ እስከ ኦሎምፒያ በቦሌ መንገድ ሦስት ኪሎ ሜትር ለስላሳ አስፋልት። ሲሄድ ቀላል ነው፤ ጭነቱ በመልሱ ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በዝግታ ይሄዳል። ሦስት ኪሎ ሜትር የማይሸከም ጎማ ምን ዓይነት ጎማ ነው?

«ለሦስት ኪሎ ሜትር ይበቃሉ» አለ።

«ለሦስትስ ይበቃሉ» አለ አብዱልናስር። «በፀሐይና በኮረኮንች ግን አይሞክሯቸው። ነግሬዎታለሁ።»

ዘርአጽዮን የተለበጡትን ኪሱ በነበረው ብር ገዝቶ፣ ወርቁን እንደቋጠረ ቤቱ ተመለሰና ሚስቱ አንገት ላይ መልሶ አሰረው። «በዕውቂያ አገኘሁት፤ አዲስ ነው» አላት። ፍረወይኒ አለቀሰች። የደስታ እንባ ነበር፤ ይህንን ዘርአጽዮን ኋላ ብዙ ጊዜ ያስታውሰዋል።

ኃይለኪሮስ መኪናዋን በክሪክ እያነሳ ጎማዎቹን ሲገጥም ሦስተኛው ላይ ቆመ። ጣቱን ጠርዙ ላይ አሳለፈ፤ የአባቱ ልጅ ነው።

«አባዬ፣ ይሄ የተለበጠ ነው አይደል?»

«ቀስ በል፣ እናትህ ትሰማለች። ለሦስት ኪሎ ሜትር ነው።»

«እኔንም ሰው በመኪና ሦስት ኪሎ ሜትር ቢያስጠጋኝ አልጠላም ነበር» ብሎ ሳቀና ብሎኑን አጠበቀ።

እሁድ አልፋዋ በነጭ ሪባን ተጠምጥማ ወጣች። ሰፈሩ እልል አለ። ሳሙናዋን ሲያማ የኖረው ሁሉ በስተኋላ ሮጠ። ዘርአጽዮን ከረባት አስሮ መሪውን ያዘ፤ ሙሽሪት ቤት ደርሰው ሙሽሮቹ ከኋላ ተጣበው ተቀመጡ፣ የሙሽሪት ቬሎ ደግሞ ከመቀመጫው ተርፎ ውጭ ውጭውን ይውለበለባል። ኦሎምፒያ እስኪደርሱ አሥር ደቂቃ፤ ከዚያ ሰኞ፤ ከዚያ ኃይለኪሮስ ቤቱ።

ከሙሽሪት ደጅ ሊነሱ ሲሉ የእሸቴ አክስት ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከኋላው መኪና ወርደው እየተጣደፉ መጡ።

«ወዴት ነው? በመጣንበት ነው እንዴ የምንመለሰው? ሙሽራ በመጣበት መንገድ አይመለስም፤ ምን ሆናችኋል?»

ዘርአጽዮን ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የራሱ ሠርግ ዕለት በጭቃ ዞሮ ነው ቤቱ የገባው። የሦስቱን ዓይነት ጎማ ዋጋ፣ ፀሐዩን፣ አስፋልቱን ሲያሰላ ግን ሙሽራ እንደሚጭን ረስቶ፣ ዕቃ እንደሚያደርስ ሰው ነበር ያሰበው። ሌላው መንገድ ደግሞ በቡልቡላ ነው፤ በእርሻው መካከል በኮረኮንች ወርዶ፣ በሳሪስ ወጥቶ፣ በጎተራ የሚዞር።

«ጓድ እሸቴ» አለ ዘርአጽዮን ዞር ብሎ፣ «እርስዎ መቼም ኋላ ቀር ልማድ...»

እሸቴ በየስብሰባው ኋላ ቀር ልማድን የሚረግም ሰው ነው። አክስቱን አየ፤ ሙሽሪትን አየ። «ጋሼ፣ ዛሬ ስብሰባ አይደለም። በቡልቡላ ይንዱ።»

ጎማው የተለበጠ ነው ማለት ይችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ግን የኮሚቴውን ሊቀ መንበር ሙሽራ በርካሽ ጎማ ጫንኩ ብሎ በሰው ፊት መናገር ነው፤ አውራ ጣቱን የሚያምኑት ባለ ታክሲዎችም አጀቡ ውስጥ አሉ። ዋጥ አደረጋትና ነዳ።

እስከ ማሳው መጀመሪያ ደኅና ነበር። ከዚያ የቀኝ የኋላው ጎማ ማጨብጨብ ጀመረ። ሙሽሪት እልልታ መስሏት እጇን አውለበለበች። የተለጠፈው ቆዳ ተገሽልጦ ፓራፋንጎውን ገመሰው፤ ቁራጩ ተወርውሮ የጓድ እሸቴን አዲስ ሱፍ ከትከሻው እስከ ወገቡ በጥቁር አሰመረው። መኪናዋ በአንድ ጎኗ ተቀመጠች። ስኮርታ የሚሉት መለወጫ ጎማ አልነበራትም። አጀቡ የታክሲ ኮንትራት ስለሆነ እያንዳንዱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ቦታ የሚለቅ ጠፋ። በመጨረሻ ሙሽሮቹን ከማሳው ጭድ ጭኖ የሚመለስ ጋሪ አነሳቸው። ባለጋሪው ዋጋ አልጠየቀም፤ እንዲህ ያለ ሠርግ አይቶ ስለማያውቅ በነፃ ወሰዳቸው። የጋሪው ጎማ የቮልስ ነበር።

ኦሎምፒያ ለሦስት ቀን ሳቀ። ጓድ እሸቴ አልሳቀም። ሰኞ ጠዋት ዝርዝሩን ፈረመ፤ የኃይለኪሮስ ስም ከላይ ሁለተኛ ነበር።

ፍረወይኒ የተገሸለጠውን ቁራጭ ተጎትታ ከመጣችው መኪና ሥር አንስታ በሁለት ጣቷ አየችው። ስለ ጎማ ምንም አታውቅም። ግን አንድ ነገር ከሌላ ነገር ላይ ተለጥፎ እንደነበር ለማየት የዕቃ ቤት ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም። የአንገት ወርቋን ፈትታ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ ከዚያ ወዲያ አድርጋው አታውቅም።

ምልምሎቹን የሚወስደው ካሚዮን ሐሙስ ቀበሌው ደጅ ቆመ። እናቶች ተቃቅፈዋል፤ ጓድ እሸቴ ስም ይጠራል። ኃይለኪሮስ እናቱን ስሞ፣ የአባቱን ጉልበት ስሞ ወጣ። ዘርአጽዮን ቀና ብሎ ሊያየው ፈልጎ ነበር፤ አንገቱ እምቢ አለው። ጎንበስ አለና አውራ ጣቱን የካሚዮኑ ጎማ ላይ ጫን አደረገ። ሰፈሩ ያየው ይህን ነው፤ ወሬውም የተወለደው እዚሁ ነው።

ሞተሩ ተነሳ። ዘርአጽዮን ቀና ሳይል፣ አጠገቡ ለቆመችው ለፍረወይኒ እንዲህ አላት፦

«ይሄ አዲስ ነው። መንገድ ላይ አይቀርም።»