የተጠመጠመ አንገት

ልጅ እያለሁ እንደ አባ ኮዳ የሚቀፈኝ ፍጥረት አልነበረም። ሐዋሳ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ሐይቅ ዳር ዓሣ ገበያው ላይ ጡረታ እንደወጣ ዳኛ ተኮፍሶ የሚቆመው፣ ራሱ የተመለጠ፣ በገዛ እግሩ ላይ የሚጸዳዳ ትልቅ ወፍ ነው። ይህ ሁሉ ባልከፋ፤ እኔን የሚያጥወለውለኝ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ከረጢት ነበር። ሮዝ ነው፣ ልሙጥ ነው፣ እዚህም እዚያም ፀጉር በቅሎበታል። የዓሣ አንጀት ሲውጥ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። እናቴ ዓሣ ግዛ ብላ ስትልከኝ መሬት መሬት እያየሁ ገብቼ መሬት መሬት እያየሁ እወጣ ነበር። መሬቱም ያው ቅርፊትና ደም ነው።

ተጸያፊ ነኝ፤ ዛሬም ነኝ። ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ ሦስቴ ሳልለቀልቅ አልነካም ነበር። እናቴ ታዲያ “ይሄን ልጅ የምታገባ ወዮላት!” ትል ነበር።

ስድስተኛ ክፍል እያለሁ የአባቴ ታላቅ እህት፣ እቴቴ ጥሩነሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎጃም ሊጠይቁን መጡ። አንገታቸው ላይ ብርቱካን የሚያህል እንቅርት ነበራቸው። እቴቴ ደግሞ ሲስሙ አይቆጥቡም፤ ጠዋት ይስሙኛል፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ይስሙኛል፣ ያለምክንያትም ጠርተው ይስሙኛል። በሳሙኝ ቁጥር ያ ለስላሳና ሞቃት ነገር አንገቴ ሥር ልጥፍ ይላል። ቅቤና ላብ የተቀላቀለበት ሽታቸው ልብሴ ላይ ይቀራል። እንደለቀቁኝ ከቤት ጀርባ ወዳለው ቧንቧ ሮጬ አንገቴን በልብስ ሳሙና እፈትግ ነበር። ማንም የሚያየኝ አይመስለኝም ነበር።

በዓመቱ ሰውነቴ ከዳኝ። የኔ ዕድሜ ሰዎች ታስታውሱታላችሁ፤ ያኔ ስለዚህ ነገር የሚነግረን አልነበረም። ብብቴ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ጀመር። ግንባሬ ላይ መግል የቋጠረ ብጉር ፈላ፤ ሳፈርጠው መስታወቱ ላይ ፊጭ ይላል። ሌላውን ብርጭቆ ስጸየፍ የኖርኩት ልጅ ከራሴ ቆዳ የምሸሽበት አጣሁ። አንድ ቀን ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ደግሞ እጄ ጉሮሮዬ መሐል አንድ ጠንካራ እብጠት አገኘ። ምራቄን ስውጥ ወጣ፣ ወረደ። ልክ እንደ አባ ኮዳ!

የሳይንስ መምህራችን ስለ አዮዲን እጥረት ሲያስተምሩ የእንቅርት ሥዕል አሳይተውን ነበር። ተላላፊ ነው አላሉም፤ አይደለም ማለታቸውን ግን አላስታውስም። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ እቴቴ ስመው ስመው አጋብተውብኛል። ዛሬ ለውዝ ያክላል፣ ነገ እንቁላል ያክላል፣ ከዚያ ብርቱካን ሆኖ ይንጠለጠላል። አባ ኮዳ ልሆን ነው። እያሰብኩት አለቀስኩ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በዚያው ሰሞን ድምፄ ተሰነጠቀ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ልመራ አፌን ስከፍት እንደታነቀ ዶሮ ጮኽኩ። ልጆቹ ወለሉ ላይ እየተንከባለሉ ሳቁብኝ። እኔ ግን ድምፄንም ያበላሸው ያው እንቅርቱ ነው ብዬ ደመደምኩ።

የአባቴን ሻርፕ ከቁም ሳጥን አውጥቼ አንገቴ ላይ ጠመጠምኩ። እናቴ ስትጠይቀኝ “ቶንሲሌ ነው” አልኳት፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አፍልታ አጠጣችኝ። እሱም ሽታው ነፍስ ያወጣል። ተደብቄ ጨው በጣቴ እየዘገንኩ እልስ ነበር፤ መምህሩ መድኃኒቱ አዮዲን ያለው ጨው ነው ብለዋላ። ከባሕር የሚወጣ ዓሣም አዮዲን አለው ብለው ነበር። እኔ ባሕርና ሐይቅ አንድ መስሎኝ፣ ዓሣ ገበያ ሄጄ ሰዎች በአዋዜ የሚበሉትን ጥሬ የቆሮሶ ዓሣ ገዛሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ጎረስኩ። ቀዝቃዛ ነው፣ ያሟልጫል፣ ምላሴ ላይ ሕይወት ያለው ይመስላል። አንዴ ዋጥኩት፤ ተመልሶ መጣ። ወዲያው አንድ አባ ኮዳ እየተጎማለለ መጥቶ የመለስኩትን ለቃቅሞ በላው። ከረጢቱ ተወዛወዘ። ሻርፔን አጥብቄ ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

ጥር ላይ እቴቴ ድጋሚ መጡ። መምጣታቸውን ስሰማ ቧንቧው ጋ ተደብቄ ነበር፤ እናቴ ጎትታ አወጣችኝ። እቴቴ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ እስከ አገጫቸው ጠምጥመዋል። እንደ አምናው አላቀፉኝም። ከሩቅ ጎንበስ ብለው ግንባሬን ብቻ ሳሙኝ።

“እናንተ ሰዎች!” አለች እናቴ። “በዚህ ሙቀት ሁለታችሁንም ምን በረዳችሁ?”

እናቴ ወደ ጓዳ ስትገባ በረንዳው ላይ ሁለታችን ብቻ ቀረን፤ ሁለታችንም እንደተጠመጠምን፣ ሁለታችንም ላብ በላብ ሆነን።

“ምን ሁነህ ነው?” አሉኝ።

“ቶንሲል” ልል አፌን ስከፍት ድምፄ ተሰነጠቀ። ሳቅ ያዛቸው።

“እስቲ ፍታው ልጄ።”

አለቀስኩ። “እቴቴ፣ የእርስዎ ተጋብቶብኛል” አልኳቸው።

ሳቃቸው ቆመ። ቀስ ብለው ሻርፑን ራሳቸው ፈቱት። በሻካራ ጣታቸው ጉሮሮዬን ነክተው “ዋጥ እስቲ” አሉኝ። ዋጥኩ።

“ማንቁርትህ ነው እኮ፣ አንተ ሞኝ! ጎርምሰህ ነው። የአባትህን አንገት አይተህ አታውቅም?” እንባዬን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። “የኔ አይጋባም። ቢጋባማ መቼ እስምህ ነበር!”

ነጠላቸውን ወደ አገጫቸው ሳብ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ “እኔንም ባንተ ዕድሜ ነው የጀመረኝ። እኩዮቼ ሲያምርባቸው እኔ አንገቴ አበጠ። እኔም ጠመጠምሁ። ፍቺው ያለኝ ሰው ግን አልነበረም።”

“ታዲያ አሁን ለምን ጠመጠሙ?” አልኳቸው፤ አምና አልጠመጠሙም ነበርና።

“አምና አንገትህን ስትታጠብ አይቼህ” አሉ፤ ቅያሜ በሌለው ድምፅ። “እንዳይቀፍህ ብዬ ነዋ።”

በሕይወቴ ብዙ ነገር ቀፎኛል። እንደዚያን ቀን ግን የቀፈፈኝ የለም፤ የቀፈፈኝም ራሴ ነበርኩ። ከአባ ኮዳው፣ ከጥሬው ዓሣ፣ ከመግሉ ሁሉ እኔ ባስኩ። እሳቸው ለእኔ ያሏትን አንዲት ቃል መልሼ ልላቸው ፈለግሁ፤ “ይፍቱት” ማለት ብቻ ነበር። አላልኳቸውም። እስኪሄዱ ድረስ በዚያ ሙቀት ተጠምጥመው ሰነበቱ፤ ከዚያ በኋላም በሕይወት አላገኘኋቸውም።

አሁን ልጄ እኔ ሻርፕ በጠመጠምኩበት ዕድሜ ላይ ነው። በዚህ ሙቀት ባለኮፍያ ሹራብ ለብሶ ይውላል። ካልሲው በር ላይ ይቀበለኛል፤ ሽታውን እግዜር ያሳያችሁ። እኛ በጨውና በጥሬ ዓሣ የፈለግነውን መልስ እሱ ከስልኩ ያገኘዋል፤ ማንቁርት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ያስረዳል። ያም ሆኖ ከኮፍያው አይወጣም። ትናንት ጓሮ ዓሣ ስገፍፍ ቆይቼ ስገባ መስታወት ፊት ቆሞ አንገቱን ሲነካካ አየሁት። ጠጋ ብዬ “ዋጥ እስቲ” ልለው ጉሮሮውን ነካሁት።

“ኤጭ፣ አባ! እጅህ ዓሣ ዓሣ ይሸታል!” ብሎ ተስፈንጥሮ ራቀኝ። የነካሁትን ቦታ በእጅጌው ፈተገው፣ ፈተገው።

አልተቆጣሁም። ወደ ቧንቧው ሄድኩ። እጄን በሎሚ አሽቼ ታጠብኩ፣ አሸተትኩት፣ ደግሜ ታጠብኩ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቼን ኪሴ ከትቼ ተመለስኩና ክንድ ያህል ራቅ ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።