በምጥ ላይ ዘፈን

ባለቤቴ ያንን አልበም ስልኳ ላይ ያወረደችው ኔትወርክ በተለቀቀ ሰሞን ነው። የሠሩት ስማቸውን ሰምቼ የማላውቅ ሦስት የአዲስ አበባ ወጣቶች ናቸው፤ አንዱ ጊታር፣ አንዱ ኪቦርድ፣ አንዷ ድምፃዊት። ለእኔ እስክስታ የማያስመታ ዘፈን ዘፈን አልነበረም። «እነዚህ ልጆች ምሳ አልበሉም እንዴ?» እያልኩ አበሽቃት ነበር። እሷ ግን እርግዝናው ሲከብዳት ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጥና አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ለራሷ፣ ሌላውን ለእኔ ታደርጋለች።

እየቆየሁ ወደድኩት፤ አፍ አውጥቼ ግን አልነገርኳትም። ልጅቱ ከመዝፈኗ በፊት ትንፋሿን ስትስብ ይሰማል። አባቷ ይቀመጥበት ስለነበረው ወንበር የዘፈነችውን ስሰማ የእናቴ ቤት ትዝ ይለኛል፤ እዚያም የአባቴ ወንበር ላይ እስካሁን ሰው አይቀመጥም። አራተኛው ዘፈን ደግሞ መሃሉ ላይ ድርግም ይላል። ጊታሩም ልጅቱም ዝም። መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት «ተበላሸ» ብዬ ስልኩን ልነካካ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ቆይ፣ ገና አላለቀም።»

እውነትም ልጅቱ ተመልሳ መጣች።

ምጡ ቡሬ ላይ ማለዳ ጀመራት። እስከ ቀትር አልገፋ ሲል የጤና ጣቢያው ሐኪም ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ይችላል ብሎ ወደ ፍኖተ ሰላም ሪፈር ጻፈልን። አምቡላንሷ ሌላ ወላድ ይዛ ሄዳለች። ሚኒባስ ኮንትራት ያዝን። አማቴ ከኋላ የልጃቸውን ራስ ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ማርያም ማርያም» ይላሉ። መንገዱ በዚህ ዘመን መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅም። ፈርቼ ነበር፤ ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር አንገቴን አስግጌ መንገዱን አያለሁ።

ማንኩሳ ሳንደርስ ኬላ ላይ ተሰለፍን። ባለቤቴ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ያንን አራተኛውን ዘፈን ክፈትልኝ።»

ከፈትኩት። አማቴ ጮኹብኝ።

«በምጥ ላይ ዘፈን? ኧረ ማርያም ትርቃለች! ዝጋው ልጀ፣ አበሳ አታምጣብኝ!»

«እማማ፣ የጠየቀችው እኮ እሷ ናት።»

«ምጥ የያዛት ሴት የምትለውን ታውቀዋለች?»

ከአማት ጋር ሙግት ለአማች አያምርም። ዘጋሁት፤ በራሴም ተናደድኩ። ባለቤቴ በገዛ አፏ ታንጎራጉር ጀመር። ሲያማት ይቋረጣል፣ ሲለቃት ይቀጥላል። አማቴ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሹፌሩ ወርዶ የኬላ ጠባቂዎቹን ለመነና ገመዱ ወረደልን። መኪናው ሲንቀሳቀስ ማንጎራጎሩ ቆመ። ዞሬ ባያት ዓይኗ ተከድኗል።

«ልጀ?» አሉ አማቴ። ፊቷን ዳበሱት። «ልጀ! በማርያም ይዠሻለሁ፣ ዝፈኝ! እባክሽ ዝፈኝ!»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣውም። ስልኩን መልሼ ከፈትኩት፤ የከለከለኝ የለም። ፍኖተ ሰላም እስክንገባ ያንኑ ዘፈን ስደጋግም አማቴ የልጃቸውን ግንባር በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ አዋላጇ አየቻትና «ያለ ቀዶ ጥገና በራሷ እንሞክር» ብላ አስገባቻት። አማቴ አብረው እንዲገቡ ተፈቀደ፤ እኔ በር ላይ ቀረሁ። ሰው ሁሉ ተቀመጥ ቢለኝም መቀመጥ አልቻልኩም። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ አንድ ድምፅ መጣ። አማቴ ናቸው። የዘፈኑን ቃል ስለማያውቁት በዜማው ላይ «ማርያም ማርያም» የሚለውን ጭነውበታል። ዜማው ተንጋዷል፤ ቢሆንም ያው አራተኛው ዘፈን ነው። እሳቸው እስካልተዉት ድረስ ልጃቸው አለች ማለት ነው ብዬ ያንን ይዤ ቆምኩ።

ድንገት ተዉት።

እልልታ ጠበቅሁ፤ የለም። ግድግዳውን ተደገፍኩ። «ቆይ፣ ገና አላለቀም» አልኩ፤ ድምፄን አውጥቼ ሳይሆን አይቀርም፣ አጠገቤ ያለች ሴትዮ ዞራ አየችኝ። ከዚያ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ሰዎች እንኳን ደስ አለህ አሉኝ። እኔ ግን ደስ ማለት አልቻልኩም፤ ሕፃኑ አለ፣ እሷስ? ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

አማቴ ሲያለቅሱ ይሰማኛል። ከዚያ ባለቤቴ በደከመ፣ በጎረነነ ድምፅ፣

«እማየ፣ ጨርሽው እንጂ» አለች።