ሣሩን ማን አነሳው

የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት ከእንጅባራ ወጣ ብሎ በሚገኝ የችግኝ ጣቢያ ነበር። ገበሬው የደከመ ማሳውን ዲከረንስ በተባለው የከሰል ዛፍ ለመሸፈን የሚሽቀዳደምበት ዘመን ስለነበር፣ ለክረምት ችግኛችንን የሚጠብቁ ቀበሌዎች ብዙ ነበሩ። እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ ነኝ፤ አገውኛ አልሰማም። ብዙ ማንበቤን ግን እንደ በቂ ስንቅ እቆጥረው ነበር።

በኅዳር መጨረሻ፣ የችግኝ አፈላል መጽሐፌ ባዘዘው ቀን፣ ቡቃያው ላይ የተዘረጋውን የሣር ዳስ አስነሳሁ። ሴቶቹ ሠራተኞች ሣሩን እየገፈፉ በአገውኛ ተንሾካሾኩ። ምን እንደሚሉ አልጠየቅሁም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መደቡ ሁሉ እሳት የለበለበው መስሎ ጠቁሮ ጠበቀኝ። ውርጭ መትቶት ነበር።

ያን ዕለት ሁለት ወረቀት ጻፍሁ፤ አንዱ ጥፋቱን በተፈጥሮ አደጋ የሚያሳብብ ሪፖርት፣ ሁለተኛው የሥራ መልቀቂያ። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ምን ጻፍህ? እስቲ አንብብልኝ።»

ሪፖርቱን አነበብሁላቸው። ሳቁ።

«ውርጭማ በየዓመቱ ይመጣል፣ ልጄ። ሣሩን ማን አነሳው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ግን እርስዎ እያወቁ ለምን ዝም አሉኝ?»

«የተማረ ሰው ማን ያርማል ብለን ነዋ! ሴቶቹማ ‹ይህ ልጅ ችግኙን ራቁቱን ሊያሳድረው ነው› ይሉህ ነበር።» ከዚያም «እኛም አጥፍተናል» አሉ። «ዘር ተርፏል?»

«ተርፏል።»

«እንግዲያስ ለሐምሌ ይደርሳል።»

ስለ ጽናት ብዙ አንብቤ ነበር፤ ከዚህ ዓይነት ቀላል ጥያቄ እንደሚጀምር ግን አላወቅሁም። ሪፖርቱን ቀድጄ «ሣሩን ሳልጠይቅ ያነሳሁት እኔ ነኝ» ብዬ እንደገና ጻፍሁና፣ መልቀቂያውንም አብሬ ይዤ በባጃጅ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድሁ። ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ሌላኛው ወረቀትስ?»

«መልቀቂያ ነው።»

«እሱን ሐምሌ ላይ አምጣው» ብሎ መለሰልኝ።

ጠንካራ ልጣጩ እንዲለሰልስ ዘሩን በፈላ ውሃ ነክረን እንደገና ዘራን። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ «እማማ፣ ሣሩ ይነሳ?» እላለሁ። «ገና ነው» ይሉኛል። ሴቶቹ ጥያቄዬን እንደ እኔ እየደገሙ ይሳሳቁብኛል፤ እኔም የአገውኛ ቃላት አንድ በአንድ እጠይቃቸዋለሁ። መጋቢት አጋማሽ ላይ እማማ ሰማዩን አይተው፣ ራሳቸው የመጀመሪያውን ሣር አነሱ።

ሐምሌ ሲገባ ገበሬዎቹ ችግኙን በፈረስ ጭነው ወሰዱ። እኔ በዚያ ሰዓት፣ የመለኪያውን ገመድ አንድ ጫፍ ለእማማ አስይዤ፣ የሚቀጥለውን ዓመት መደብ እለካ ነበር።