ጥለቱ የተቀደደ ነጠላ

እትዬ የብርጓል ያ ጥቁር ፒያኖ ሲመታ የሰሙት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሲወለውሉት ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፒያኖው ባለበት አንድ አዳራሽ የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ።

ፒያኖው እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ያመጡት ሰዎች ሲሄዱ አንድ ነገር አስተምረዋቸዋል፦ አቧራ አሸዋ ነው፤ በደረቁ ከፈተጉት ይቧጭራል። ስለዚህ እትዬ ያረጀ ነጠላ ነከር ያደርጉና ጠብታ እስኪጠፋው ይጠመዝዙታል። ሳይጫኑ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ፣ አቧራውን ያነሣሉ፤ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ያብሳሉ። ጥለቱን ግን አስቀድመው ቀደው ይጥሉታል፤ የሚያብረቀርቀው ክር እንደ ጥፍር ይጭራላ።

ጡረታቸው አንድ ወር ሲቀረው ልባቸው የፈለገው ይህን ብቻ ነበር፦ ፒያኖውን ያለ አንዲት ጭረት አስረክቦ መውጣት።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ የሙዚቃ መምህር በእንግድነት መጣ። የአዳራሹ ኃላፊ አቶ ዓለምነው ባለ ጥለት ነጠላ ደርቦ፣ ፎቶ አንሺ አስከትሎ ይጠብቅ ነበር። እንግዳው የግቢው በር ላይ ሲደርስ አቶ ዓለምነው፣

«አቧራ አለበት እኮ!» አለና በነጠላው ጫፍ የፒያኖውን ክዳን ፈተገው፤ ዙሪያውን፣ በኃይል።

«ኧረ በጥለቱ አይሁን፣ ጌታዬ! ይጭረዋል!»

«እትዬ ደግሞ፣ እንጨት እኮ ነው፤ ዓይን አደረጉት?»

ሁሉም ሳቀ። እንግዳው ገብቶ የመስኮቱ መጋረጃ ሲገለጥ ግን ክዳኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ታየ።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?» አለ እንግዳው።

አቶ ዓለምነው ወደ እትዬ ዞረ። «ምን ይደረግ፣ የጽዳት ሠራተኛ ነገር! በአሸዋ ድስት እንደሚፈትጉ ነው የሚፈትጉት።»

እትዬ ፎቶ አንሺውን አዩት። እሱ ካሜራውን አየ። አሥራ ስምንት ዓመት ስማቸውን ጠርቶ የማያውቅ ሁሉ ያን ቀን ጠራው። ንጹሕ ሥራ ባለቤት የለውም፤ ጥፋት ግን ባለቤት አያጣም፤ ይፈለግለታል።

የርክክብ ሰነዱ ላይ «በአያያዝ ጉድለት የተጫረ» ተብሎ ተጻፈ። ካልፈረሙ የመሰናበቻ ወረቀት የለምና ፈረሙ።

ሽኝት ተደረገላቸው። አቶ ዓለምነው ራሱ እያጨበጨበ ጥለቱ የሚያብረቀርቅ አዲስ ነጠላ አለበሳቸው።

ቤታቸው ሲደርሱ መቀስ አነሡና ጥለቱን ዙሪያውን ቀደዱት። ከእንግዲህ የሚወለውሉት ነገር እንደሌለ ትዝ ያላቸው ነጠላውን ነክረው፣ ጠብታ እስኪጠፋው ከጠመዘዙት በኋላ ነበር።